በአሸንዳ የተያዘ ሸክም

በአዲስ አበባ፣ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ዙሪያውን በአሮጌ ቆርቆሮ በታጠረ አንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ፣ የምጠብቀው ሰው ስለ ዘገየብኝ ጥላ ፈልጌ በተቀመጥሁበት ጊዜ፣ አንድ ሽማግሌ በያጅና ጢሙ ገና ያቀመቀመ ረዳቱ ለአንድ ላንድክሩዘር ፖርቶመጋላ ሊሠሩለት ሲሰናዱ ለማየት ዕድል ገጠመኝ። የሽማግሌው ሜትር ከኪሱ ብቅ ብሎ እየታየ፣ እርሱ ግን የመኪናውን ጣሪያ ከግንባሩ እስከ ጅራቱ በሲባጎ ይለካ፣ በየደረሰበትም ሲባጎውን እየቋጠረ ምልክት ያኖር ነበር። ረዳቱ የጣሪያውን መካከል በመዳፉ ቢጫነው ላሜራው ጎድጎድ ብሎ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። «እሱን ተወው፤ እሱ ለፀሐይና ለዝናብ ነው» አለና ሽማግሌው፣ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን በምትሄደው፣ የቤት አሸንዳ በምትመስለው ጠባብ ቦይ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ከፊት እስከ ኋላ እየዳሰሰ አሳየው። «ዕቃው የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።»

የዝናብ ውኃ በበሩ ላይ እንዳይወርድ ተብላ የተሠራች ጠርዝ የመንገደኛውን ጓዝ ሁሉ ተሸካሚ ሆና መገኘቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሳቤ አልወጣም። ስለ መንኰራኵርና ስለ ሞተር፣ ስለ ጎዳናና ስለ ድልድይ ብዙ ተጽፏል፤ ሰው ሲጓዝ ዕቃውን በምን ላይ እንዳኖረ፣ ያኖረውንም በምን እንዳሰረ የሚናገረው ታሪክ ግን የጫኝና የረዳት ሥራ ተብሎ ስለ ተናቀ፣ ከብራና ይልቅ በጫኞች እጅ ላይ ቀርቷል።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር። ፖርቶመጋላ የምንለው ቃል ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በዚያ ልሳን «ፖርታሬ» ማለት መሸከም፣ «ባጋሊ» ማለት ጓዝ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ «ፖርታባጋሊ»፣ ጓዝ ተሸካሚ፣ ይሆናሉ። ይህ ስም ከጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከሹፌር ወደ ረዳት ሲተላለፍ በአገራችን ሰው አፍ ታሽቶ ፖርቶመጋላ ሆነ። ለውጡ የአጋጣሚ ቢሆንም በምሥራቅ ለኖረ ሰው ጆሮ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለበት፤ በሐረርጌ መጋላ ማለት ገበያ ወይም ከተማ ነውና፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ፈረስ መጋላን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሰምቶ «ገበያ ተሸካሚ» ብሎ ቢተረጕመው፣ የገጠር አውቶቡስ ጣሪያን በገበያ ቀን ያየ ሁሉ አይፈርድበትም። ግዕዝ ደግሞ ለነገሩ ሁለት ግሥ አለው፤ «ጾረ» ተሸከመ፣ «ጸዐነ» ጫነ፤ ጫነ የሚለው አማርኛችንም ከዚሁ ከሁለተኛው የወረደ ነው። ጾረ የሚባልለት በገዛ ትከሻው የሚሸከመው ነው፤ ጸዐነ የሚባልለት ግን በሌላው ጀርባ ላይ የሚያኖረው ነው። በገዛ ትከሻው የሚሸከም ሰው ልኩን ሕመሙ ይነግረዋል፤ በሌላው ጀርባ የሚጭን ግን ሕመሙ ስለማይሰማው ሕግ ያስፈልገዋል።

ያ ሕግ በቅፍለት ዘመን በወረቀት ሳይሆን በሲራራ ነጋዴዎች ዘንድ በቃልና በእጅ ይጠበቅ ነበር። ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ ወደ ባሕር ወደብ የሚወርደው ቡናና ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ፣ ከወደብም የሚመጣው ጨርቅና ጠመንጃ፣ በቆላው በግመል፣ በደጋው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጓዝ ነበር። አጋሰሱ ሳይጫን በፊት መደላድሉ ተዘርግቶ በጀርባው ላይ ይስተካከላል፤ ጭነቱም ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ሰው በግራ አንዱ ሰው በቀኝ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ አንሥተው በአንድ ጊዜ ያሳርፉታል፤ ብቻውን የሚጭን ሰው እንስሳውን አጥምሞ ያቆማልና። ከሁለቱ ወገን አንዱ ቀለል ያለ እንደ ሆነ ነጋዴው ዕቃውን ፈትቶ እንደ ገና ከመክፈል ይልቅ በቀለለው በኩል ድንጋይ ይጨምራል። ከንቱ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚገድለው የጭነቱ ክብደት ሳይሆን ማዘንበሉ እንደ ሆነ ሲራራው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከጥሬ ቆዳ የተቈረጠው መጫኛ ይጠመጠማል፤ መጫኛ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ሲርስ ይላላል፤ ስለዚህ ዝናብ በጣለ ቀን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ማሰሪያውን ዳግመኛ ይፈትሽ ነበር።

ማታ ሰፈር ሲደርሱ ጭነቱ ወርዶ የእንስሳው ጀርባ ይመረመራል። በዚያ ጊዜ የጫኙ ሥራ ምስክሩ ገጣባ ነበር። መደላድሉ የተጨማደደበት፣ ገመዱ ያላላው፣ ሚዛኑ የተዛባው ሁሉ በጀርባው ላይ ቍስል ሆኖ ይገለጣል፤ ጌታው ቢክድም ጀርባው ይናገራል። ግመል ደግሞ ገና ከመነሣቱ በፊት ይናገራል፤ ከልኩ ያለፈ ጭነት የተጫነበት ግመል ይጮኻል እንጂ አይነሣም። የጭነትን ልክና በእንስሳው ጀርባ ያለውን ጭነት በአንድ ስም መጥራት የቋንቋችን ልማድ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳውላ የእህል መስፈሪያ ስም ሲሆን በአህያው ጀርባ ላይ ያለውንም ጭነት ይጠሩበታል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረትም እንስሳውና ጭነቱ በሰው ዓይን ምን ያህል አንድ አካል እንደ ነበሩ ያስረዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር፣ የአጋሰስ ጭነት ከአከርካሪው በታች በጎንና በጎን የሚንጠለጠል መሆኑ ነው። በላይ የሚደረገው ቀላል ነገር ብቻ ነበር፤ ድንኳን፣ ቅል፣ አልጋ፣ አንዳንድ ጊዜም የደከመ ሕፃን። የክብደቱ ቦታ ታች፣ የቅለቱ ቦታ ላይ ነበር። ሠረገላ ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ ጣሪያ ያለው ሠረገላ ሲመጣ ሰው ሆዱን ለራሱ ያዘና ዕቃውን ወደ ራስጌው ሰቀለው። በእንግሊዝ አገር ከከተማ ወደ ከተማ የሚመላለሱት የመንገደኛ ሠረገላዎች በጣሪያቸው ላይ ሣጥንና ከረጢት ብቻ ሳይሆን ርካሽ ዋጋ የሚከፍለውን መንገደኛ ጭምር ይጭኑ ነበር፤ መገልበጣቸውም ስለ በዛ፣ የአገሩ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1788 ዓ.ም. ከስድስት ሰው በላይ በጣሪያ ላይ እንዳይቀመጥ በሕግ ከለከለ። ጫኙ ሕመሙ ስለማይሰማው ሕግ ያስፈልገዋል ያልነው እነሆ በዚያ በፊደል ተጽፎ ይታያል። (ከዚህ እጅግ ቀድሞ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተነገረው የዖዛ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ታቦቱ በመሎጊያ በሌዋውያን ትከሻ እንዲጾር ታዝዞ ሳለ፣ በአዲስ ሠረገላ ላይ ተጭኖ ሲሄድ በሬዎቹ ስላነቃነቁት፣ ዖዛ ሊደግፈው እጁን ቢዘረጋ ተቀሠፈ። መተርጕማን ነገሩን በምሥጢሩ ያመሰጥሩታል፤ እኔ ግን የጾረንና የጸዐነን ልዩነት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም።)

አውቶሞቢል በመጀመሪያው ዘመኑ ጭነት የሚሰቀልበት ጣሪያ አልነበረውም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣትን መኪና በመሰሉት በእነዚያ ጊዜያት መኪናዎች፣ ራስጌው ክፍት ወይም ሸራ ነበርና ጓዙ ከኋላና ከጎን በጠፍር ይታሰር ነበር። በኋላ ጣሪያቸው የተዘጋ መኪናዎች ሲበዙም የጣሪያው መካከል በእንጨት ቅስት ላይ የተወጠረ፣ ውኃ እንዳያስገባ የተቀባ ጨርቅ ነበር፤ ያን የሚያህል ሰፊ ላሜራ በአንድ ጊዜ ቀጥቅጦ የሚያወጣ መጭመቂያ አልነበረምና። የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ ባንድ ወጥ ብረት የተጨመቀ ጣሪያ ያላቸውን መኪናዎች ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ለ1935 ዓ.ም. ሞዴሎቹ ነው። ወጡ ብረት ግን ሰፊና ስስ ነው፤ ጥንካሬው በመካከሉ ሳይሆን በጠርዙ፣ ከመስኮቶቹ መካከል ቀጥ ብለው በቆሙት አዕማድ ራስ ላይ ነው። በዚያ ጠርዝ ላይ ነው እንግዲህ የጎኑ ብረትና የጣሪያው ብረት ተደራርበው የተበየዱበት፣ ለዝናብም ቦይ የሆነው አሸንዳ የሚገኘው። ሁለት ብረት የተደረበበት ቦታ ከአንዱ እንደሚጠና፣ ከሥሩም ምሰሶ እንዳለ ያስተዋለ አንድ ስሙ ያልተጻፈ ብረት ሠሪ፣ ቈልማማ እግር ሠርቶ በዚያ ላይ አጠለቀው፤ አሸንዳ ባለው መኪና ላይ የፖርቶመጋላ ብልሃት በመሠረቱ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

የዚህ ብልሃት ምሥክሩ ላንድሮቨር ነው። ሞሪስ ዊልክስ የተባለው የሮቨር ፋብሪካ መሐንዲስ በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር፤ ጂፑ ሲያረጅ የሚተካው ባለማግኘቱ፣ እርሱን የሚመስል ለእርሻም ለመንገድም የሚሆን መኪና አሰበ፤ መኪናውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየ። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ የችግር መፍትሔ የነበረው ነገር በኋላ ዝገትን የሚቋቋም ጸጋ ሆኖ ተቈጠረ። የመጀመሪያዎቹ ጣሪያቸው ሸራ ስለ ነበረ በላያቸው ላይ የሚሰቀል ነገር አልነበረም። ጠንካራ ጣሪያ ያላቸውና መንገደኛ የሚያሳፍሩት ከመጡ በኋላ ግን፣ ለሞቃት አገር የሚላኩት ላይ ሁለተኛ ጣሪያ ተደረበላቸው፤ በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ነፋስ ስለሚያልፍ የላይኛው ጥላ፣ የታችኛው ቤት ይሆናል። ይህ በበረሃ ለሚጓዝ ሰው ታላቅ ተድላ ነው፤ ከዚያም በላይ ፖርቶመጋላ ሲጨመርበት መኪናው ሦስት ደርብ ያለው ቤት መሰለ።

ፖርቶመጋላን በዓለም ሁሉ የመንገደኝነት ምልክት ያደረገው ግን ፋብሪካው ሳይሆን የስድስት ተማሪዎች ጉዞ ይመስለኛል። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ከለንደን በሁለት ላንድሮቨር ተነሥተው፣ አውሮፓን፣ የመካከለኛውን ምሥራቅ በረሃ፣ ሕንድንና የቡርማን ጫካ አቋርጠው በተከታዩ ዓመት እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን ሲንጋፖር ገቡ። ቴሌቪዥን ገና አዲስ በነበረበት በዚያ ጊዜ የጉዞአቸው ፊልም ታየ፤ የማይረሳውም ምስል ጣሪያቸው ላይ ጓዝ የተከመረባቸው ሁለቱ መኪናዎች ጭቃ ውስጥ ሲንገዳገዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ባዶ የሆነ ላንድሮቨር ገና ያልተነሣ፣ የተሞላ ጣሪያ ያለው ግን የሚሄድ ወይም የተመለሰ ይመስል ጀመር። ዛሬ ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ባዶ ፖርቶመጋላ ተሸክሞ ሲዞር ስናይ የዚያ ምስል ርዝራዥ መሆኑን ልናስታውስ ይገባል፤ ፈረስ ሳይኖረው ጅራፍ የሚይዘውን ጎረምሳ ይመስለኛልና እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ አልወድም።

በእነዚህ ጣሪያዎች ላይ የሚሰቀለው ዕቃ የየራሱ ታሪክ አለው፤ ከሁሉም የሚበልጠው የጀሪካን ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ለሠራዊታቸው ያወጡት ሃያ ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ፣ አንድ ሰው ባንድ እጁ ሁለት ባዶ ማንሣት እንዲችል፣ ሁለት ሰዎችም አንዱን ሙሉ ይዘው እንዲሄዱ ሦስት መያዣ ነበረው። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ማርከው ከራሳቸው ዕቃ እጅግ እንደሚሻል ባዩ ጊዜ አስመስለው ሠሩት፤ ጀርመኖቹን «ጄሪ» ብለው ይጠሩ ነበርና ስሙ ጀሪካን ሆነ። ያ የጦር ሜዳ ስም ዛሬ በኢትዮጵያ ምንጭ ዳር ቢጫ ፕላስቲክ በጀርባዋ ያዘለች ልጅ አፍ ላይ ይገኛል። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ አምስት ጀሪካን በጣሪያ ላይ ያኖረ ሹፌር ሳያውቀው አንድ ኩንታል በራስጌው ሰቅሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፖርቶመጋላ በስሙ የኢጣልያን ወረራ ዘመን ያስታውሳል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የተሠሩት መንገዶች፣ የጣርማ በርን ዋሻና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨምሮ፣ ከባድ መኪናን ወደ ደጋው አወጡ፤ ከመኪናው ጋር የጋራዡ ቋንቋ ገባ። ቡሎንና ዳዶ፣ ላሜራና ፌሮ፣ ጎማና ካላማዳሪያ፣ ሁሉም በአንድ ጓዝ የመጡ ቃላት ናቸው። ጠላት ወጥቶ ሲሄድ ቋንቋው ከባለሙያው እጅ ጋር ቀረ፤ በጠላት ጋራዥ ከሥር ሆነው ቁልፍ ሲያቀብሉ የነበሩት ልጆች የቀጣዩ ዘመን ሜካኒኮች ሆኑና። ይህ የሚያስቆጭ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከወራሪ ላይ ቃልና ሙያ ነጥቆ ማስቀረትን እንደ ምርኮ አየዋለሁ፤ መጫኛንና መደላድልን የሚያውቅ ሕዝብ ነበረና አዲሱን ዕቃ የሚያስርበት ብልሃት ከቀድሞው አልራቀበትም።

በመስከረም 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለጎዳና ማደሻ የሚሆን አምስት ሚሊዮን ዶላር ብድር ተዋዋለች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአውራው ጎዳና ወጥቶ ወደ ወረዳው የሚዘልቀው ሰው፣ መሬት ቀያሹ፣ የወባ ማጥፊያው ሠራተኛ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ በላንድሮቨር ይሄድ ነበር። በአንዳንድ ቆላ አገርም አሮጌ ላንድሮቨር የሕዝብ ማመላለሻ ሆኖ፣ ሰው በውስጥ፣ በግና ከረጢት በጣሪያ ተጭኖ፣ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ረዳቱ መሰላሉን ወጥቶ ገመዱን ሲያጠብቅ ይታይ ነበር። በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በአፋር ከሐዳር ሰፈራቸው ተነሥተው ሉሲ ወደ ተገኘችበት ሸለቆ የሄዱት በላንድሮቨር ነበር፤ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያለፈው አጥንት ወደ ዘመናዊው ዓለም የገባው እንዲህ ባለ መኪና ነው ማለት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ መኪናዎች ጣሪያቸው ላይ ጎማና ጀሪካን፣ ግንባራቸው ላይ ረጅም የሬድዮ አንቴና ይዘው ወደ ወሎና ወደ ትግራይ ሲጐርፉ፣ መኪናውን ገና ከሩቅ ያየ ገበሬ እህል ወይም መርማሪ መምጣቱን በጣሪያው ጭነት ይለይ እንደ ነበር ከሽማግሎች ሰምቻለሁ።

የላንድሮቨርን ወንበር ቀስ በቀስ የወሰደው ቶዮታ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ያወጣውን ቢ ጄ የተባለ መኪና በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አስወጥቶ ኃይሉን አሳየ፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም የሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የወጣው ሰባኛ የሚባለው ተከታታይ፣ የእኛ ሰው ሃርድቶፕ የሚለው፣ ከአርባ ዓመት በኋላም ጥቂት እየታደሰ ይሠራል። የሚገርመው ነገር አሸንዳው እስከ ዛሬ አለመወገዱ ነው። ሌሎች መኪናዎች ጣሪያቸው እንደ ዕንቍላል ሲለሰልስ ይህ ግን እንደ ቤት ቆርቆሮ ጠርዙን አውጥቶ ቀርቷል፤ በብየዳ ቤት ደጃፍ ያየሁትም ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ለካ ሲባጎውን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የመኪናው ጣሪያ ወደ መካከሉ ቀስ ብሎ ስለሚያብጥ ሜትር የሚለካው ቀጥታውን፣ ሲባጎ ግን እብጠቱን ጭምር ነው፤ ፖርቶመጋላው በዚህ እብጠት ላይ ሳይነካው እንዲያልፍ፣ ከፍ ብሎም ነፋስ እንዳይሰበስብ፣ ልዩነቱን በቋጠሮ ያዘ። ከዚያ ከጠፍጣፋ ብረት ስምንት እግር ቈረጠ፤ የእያንዳንዱን ጫፍ በመዶሻ አጥፎ እንደ መንጠቆ አደረገው፤ ከውስጥ በኩል ሌላ ብረት አጋጥሞ በቡሎን እንዲያጣብቀውና አሸንዳውን ከላይና ከታች እንዲነክሰው አደረገ። በብረትና በብረት መካከል የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ቈርጦ አለበሰ። እግሮቹንም በእኩል ርቀት አላኖራቸውም፤ በአዕማዱ ራስ አጠገብ አጠጋጋቸው። ረዳቱ ይህን አይቶ «ጋሼ፣ እኩል አልሆነም እኮ» አለ። «ከሥሩ ያለውን አታየውም? ምሰሶ በሌለበት ማን ቤት ይሠራል?» ሲል መለሰለት። በስምንቱ እግር ላይ የቱቦላሬውን ክፈፍ አሳረፈና ተሻጋሪዎቹን በየዳቸው፤ የኋላውን በር አስከፍቶም እንዳይነካ መረመረ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሽማግሌው ስለ ክብደት ያለው አሳብ እንደ ሲራራ ነጋዴ ነበር። የብረት ፖርቶመጋላ ባዶውን እንኳ የአንድ ሰው ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ብረቱ በቀጠነ ቍጥር ለዕቃው የሚተርፈው ይበዛል። «ቀላሉን ነው ላይ የምታወጣው» አለው ረዳቱን፤ «ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ሸራ። ውኃና ናፍጣ ከታች።» ከፍ ያለ ክብደት መኪናውን በጠመዝማዛ ላይ እንዴት እንደሚያዘነብለው የፊዚክስ ሊቃውንት በስሌት ያስረዱታል፤ እርሱ ግን በሕይወቱ የተገለበጡትን መኪናዎች እየቈጠረ ነበር ያስረዳው። መኪናም ገጣባ አለው፤ ፖርቶመጋላው በተነቃነቀበት ቦታ ቀለሙ ይላጣል፣ ቀጥሎ ዝገቱ ይበላዋል፣ በመጨረሻም አሸንዳው ይሰነጠቃል። ነገር ግን ይህ ገጣባ በአንድ ቀን መንገድ አይታይም፣ መኪናውም እንደ ግመል አይጮኽም፤ የተጫነበትን ሁሉ ይዞ ይነሣል። የአዲሱ ጫኝ አደጋ ያለው በዚህ ዝምታ ነው።

ሌሎች መኪናዎች አሸንዳቸውን ያጡት በነፋስ ምክንያት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋብሪካዎች የነፋስን ፉጨትና የነዳጅን ወጪ ለመቀነስ ሲሉ የበሩን ጫፍ ወደ ጣሪያው ውስጥ አጠፉት፤ ጠርዙ ጠፋ። ያን ጊዜ ቈልማማው እግር የሚይዘው አጣ። የስዊድኑ ቱሌ የመሰሉት ድርጅቶች፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በዓሣ ወጥመድ ሥራ የጀመረ ቤት ነው፣ ለእያንዳንዱ መኪና የተለየ መያዣ እየቀረጹ በበሩ ክፈፍ ወይም በፕላስቲክ በተሸፈኑ ስውር ቀዳዳዎች ላይ የሚታሰር አሉሚኒየም መሥራት ያዙ። ሥራው የተጣራ ነው፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። ለተክለ ሃይማኖቱ በያጅ ግን ይህ የተዘጋ በር ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ የመጣን ሰው «ይኼ የሚይዝበት የለውም» ብሎ ይመልሰዋል።

የላንድክሩዘሩ ፖርቶመጋላ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አለቀ። ጸረ ዝገቱ ሳይቀባ ሽማግሌው ረዳቱን በአንድ ወገን አቁሞ እርሱ በሌላው ወገን ቆመና፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፈፉን ይዘው ነቀነቁት፤ ፖርቶመጋላው ከጣሪያው ተለይቶ አልተነቃነቀም፤ መኪናው ሁሉ ከነጎማው ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ሽማግሌው በአሸንዳው ዙሪያ ጣቱን አስገብቶ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሦስተኛው እግር ላይ ሲደርስ ቆመና «ቁልፍ» አለ፤ ረዳቱም አቀበለው።